እጅ ከደረት ሲነሣ፦ ለጀማሪ የሕክምና ባለሙያዎች

በሆስፒታል ሥራ የጀመራችሁ ወጣት ሐኪሞች፣ ነርሶችና የሰመመን ባለሙያዎች፣

ልቡ ለቆመ ሕመምተኛ ደረቱን በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት የሚደረገውን እርዳታ፣ ሁላችንም ሲፒአር የምንለውን፣ በትምህርት ቤት በአሻንጉሊት ላይ ተለማምዳችሁ፣ ፈተናውንም አልፋችሁ ወደ ዋርድ መጥታችኋል። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ሀሁውን ሊያስተምራችሁ የተጻፈ አይደለም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያረጀሁ ሰው እንደመሆኔ ላሳስባችሁ የምሻው፣ ሲፒአር መደረጉ አንድ ነገር፣ በወጉ መደረጉ ደግሞ ሌላ ነገር እንደሆነ፣ በፋይሉ ላይ የሚጻፈው «ሲፒአር ተደርጎለታል» የሚለው ቃልም ይህን ልዩነት ፈጽሞ እንደማያሳይ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ በግልጽ ካሳዩት ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በሆስፒታሉ ውስጥ ልባቸው ለቆመ 67 ሕሙማን የተደረገውን እርዳታ፣ ደረቱ የሚጫንበትን ፍጥነትና ጥልቀት በሚመዘግብ መሣሪያ ለኩት። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች በሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ ተከፋፍለው ሲታዩ፣ 28 በመቶ በሚሆኑት ክፍልፋዮች ፍጥነቱ በደቂቃ ከ90 በታች ነበር፤ በ37 በመቶው ጥልቀቱ ከሚገባው ያነሰ ነበር፤ በ61 በመቶው ደግሞ ትንፋሽ የሚሰጠው በደቂቃ ከ20 ጊዜ በላይ ነበር። እርዳታውን የሰጡት በሙያው የሠለጠኑ፣ መሣሪያ ያልጎደላቸው ሰዎች ናቸው፤ በጊዜው ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ በደንብ እየሠራን ነው ይሉ እንደነበር አልጠራጠርም። የራስን እጅ በስሜት መመዘን አስቸጋሪ ነው።

ልብ ለራሷ ጡንቻ ደም የምታገኘው በዋናነት ደረቱ ተጭኖ ወደ ቦታው በሚመለስበት ቅጽበት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የደም ግፊት ደግሞ በአንድ ምት አይገነባም። የገጠር ጉድጓድ ውኃ በእጅ ፓምፕ የቀዳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ውኃው ብቅ እስኪል ደጋግሞ መግፋት ግድ ነው፣ እጀታው ከተለቀቀ ግን ውኃው ተመልሶ ይወርዳል፣ ቀጣዩ ሰውም ከዜሮ ይጀምራል። አንድ ሰው ትርታ ለመፈለግ፣ ሌላው የመተንፈሻ ቱቦ ለማስገባት፣ ሦስተኛው ሞኒተሩን አተኩሮ ለማየት «አንዴ ቆዩ» ባለ ቁጥር የሚሆነው ይኸው ነው። ማቋረጥ ግድ ሲሆን ከ10 ሰከንድ አይበልጥ፤ ከጠቅላላው ጊዜም ቢያንስ 60 በመቶው፣ ከተቻለ 80 በመቶው ደረት እየተጫነ የሚያልፍ ይሁን።

ልኬቱን ታውቁታላችሁ፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ ለዐዋቂ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር። እኔ የምጨምረው መጽሐፉ ብዙም የማያወራውን ነው። የዋርዱ አልጋ ላይ ያለው የስፖንጅ ፍራሽ ጉልበታችሁን ይበላል፤ አምስት ሳንቲ ሜትር የገባ የሚመስላችሁ ገሚሱ ፍራሹ የሰመጠው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠንካራ ጣውላ ከሕመምተኛው ጀርባ ሥር ይግባ፤ ይህን ለማድረግ ግን ረጅም ጊዜ አታቋርጡ። አጭር ከሆናችሁ መርገጫ ላይ ውጡ፣ አልጋውም የሚወርድ ከሆነ ዝቅ ይበል፤ ክንድ ታጥፎ በትከሻ ጉልበት የሚጫን ደረት ከአንድ ደቂቃ በላይ በአግባቡ አይጫንም። ሲደክማችሁ የመጀመሪያው ምልክት ላብ አይደለም፤ ሳታውቁት በደረቱ ላይ መደገፍ ትጀምራላችሁ፣ ደረቱም ሙሉ በሙሉ መመለሱን ይተዋል። በሁለት በሁለት ደቂቃ የመቀያየሩ ሕግ ጀግንነትን ለመለካት የወጣ አይደለም፤ ገና ጉልበት አለኝ የምትሉ ብትሆኑም ተቀየሩ።

አምቡ ባግ፣ ማለትም ትንፋሽ ለመስጠት በእጅ የሚጨመቀውን ከረጢት፣ ለያዘው ሰው የተለየ ቃል አለኝ። ጭንቀት ሁሉ ወደ እሱ እጅ ይወርዳል፤ ክፍሉ በተረበሸ መጠን ባጉን ቶሎ ቶሎ ይጨምቃል። ከመጠን ያለፈ ትንፋሽ በደረት ውስጥ ያለውን ግፊት ከፍ አድርጎ ደም ወደ ልብ እንዳይመለስ ያግዳል፤ ስለዚህ ቱቦ ለገባለት ሕመምተኛ በየ6 ሰከንዱ አንድ ትንፋሽ ይበቃል። ስድስት ሰከንድ በዚያ ሰዓት የዘላለም ያህል ይረዝማል፤ ቢሆንም ቁጠሩት።

ለልብ የኤሌክትሪክ ንዝረት ስለሚሰጠው መሣሪያ፣ ስለ ዲፊብሪሌተር፣ አጭር ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ በኤሌክትሪክ ንዝረት ሊታከም የሚችል የልብ ምት መዛባት ካጋጠማቸው የሆስፒታል ሕሙማን መካከል በ2 ደቂቃ ውስጥ ንዝረቱን ካገኙት 39 በመቶ ያህሉ ከሆስፒታል በሕይወት ሲወጡ፣ ከዘገየባቸው ግን የወጡት 22 በመቶ ብቻ ናቸው። መሣሪያው የማይገኝበት ሆስፒታል ውስጥ የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ካለ ግን የት እንደተቀመጠ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነና ባትሪው መሙላቱን በመጀመሪያው ተረኝነታችሁ ዕለት ጠይቁ፤ መሣሪያው ቻርጅ በሚያደርግበት ጊዜም ደረት መጫኑ ይቀጥል።

በእኛ አገር ይህን ሥራ ከመሣሪያ እጦት ባልተናነሰ የሚጎዳው ይሉኝታ ይመስለኛል። ስፔሻሊስቱ ራሱ ደረት ሲጫን ፍጥነቱ ቢላላ፣ ሰዓት የያዘችው ነርስ ዐይታ ዝም ትላለች፤ ታላቅን ማረም ነውር ሆኖ ይሰማታልና። «ዶክተር፣ ፍጥነቱ ቀንሷል፤ እንቀያየር» ማለት ድፍረት አይደለም፣ የተሰጣት ሥራ ነው። እናንተም ነገ ታላቅ ስትሆኑ፣ ገና ሥራው ሳይጀመር «ስሳሳት ንገሩኝ» በሉ፤ ካልፈቀዳችሁላቸው አይነግሯችሁም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ብዙዎቹ አይመለሱም፤ ይህን ብደብቃችሁ ልበድላችሁ ነው። መዝገብ በሚይዙ የአሜሪካ ሆስፒታሎች እንኳ ልባቸው ቆሞ በሕይወት ወደ ቤታቸው የሚመለሱት እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 14 ያህል የነበሩ ሲሆን፣ በ2009 ወደ 22 አድገዋል። መንሥኤው ካልተነካ ደግሞ የተዋጣለት ሲፒአርም ጊዜ ከመግዛት አያልፍም፤ ከወሊድ በኋላ ደም ፈሷት ልቧ ለቆመ እናት ደረቷን የሚጫነው እጅ ብቻውን ደም አይሆናትም፤ ደሙ መምጣት፣ ፍሰቱም መቆም አለበት።

ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ ቡድኑ ሳይበተን አምስት ደቂቃ ተቀመጡ። የቺካጎዎቹ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ሌላ ጥናት፣ የተቀዳውን መረጃ ይዞ በየጊዜው መወያየት የአጫጫኑን ጥራትም፣ የልብ ምት የተመለሰላቸውን ሕሙማን ቁጥርም ጨምሮ ተገኝቷል፤ ከሆስፒታል በሕይወት በመውጣቱ ረገድ ግን ለውጥ አልታየም። መቅጃ መሣሪያ ባይኖራችሁ፣ መጀመሪያ ደረት የተነካው መቼ ነበር፣ ያቋረጥነው ስንት ጊዜና ለምን ነበር፣ ትንፋሹን የቆጠረው ማን ነበር ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ጻፉት። ከዚያ ኮሪደር ላይ ቆመው የሚጠብቁትን አስታማሚዎች ማን እንደሚያነጋግር ተስማሙ፤ ይህ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጠገቡ የነበረ ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም የሚጠይቁትን መመለስ የሚችለው እሱ ነው።