አብራሪው መሬት ሳይታየው እንዴት ያርፋል?

ጥያቄ፦ ባለፈው ክረምት ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ጥቂት ሲቀረው ድንገት ሽቅብ ወጣ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ደነገጠ። አብራሪዎች በደመና ውስጥ ለማረፍ የሚዘጋጁት እንዴት ነው?

መልስ፦ ያዩት ነገር አስቀድሞ የታሰበበት ውሳኔ ነው፤ እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለውን አብራሪ አመሰግነዋለሁ። አብራሪዎቹ መውረድ ከመጀመራቸው በፊት፣ ሥራው ገና ሳይበዛባቸው፣ የማረፊያውን የአየር ሁኔታ ዘገባ ተቀብለው የአቀራረቡን ካርታ በጋራ ያነባሉ፤ የሬዲዮ ሞገዱን ቁጥር፣ የመንደርደሪያውን አቅጣጫ፣ በዙሪያው ያሉትን ተራሮች ከፍታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «እስከዚህ ወርደን መንደርደሪያው ካልታየን እንመለሳለን» የሚሉበትን ወሰን ጮክ ብለው ይነጋገሩበታል። አውሮፕላኑን በሬዲዮ ሞገድ ወደ መንደርደሪያው በሚመራው የመሣሪያ ማረፊያ ሥርዓት፣ በመጀመሪያው ደረጃው፣ ይህ ወሰን አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት በላይ 200 ጫማ፣ ማለትም 60 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በመንደርደሪያው ላይ ያለው እይታም በተለምዶ ከ550 ሜትር ማነስ የለበትም። እዚያ ዝቅታ ላይ ለማሰላሰል ጊዜ ስለሌለ፣ ሽቅብ የሚመለሱበት መንገድ፣ ተለዋጭ ማረፊያውና እዚያ የሚያደርሰው ነዳጅ ቀድመው ይታወቃሉ።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው። የፍጥነት መለኪያው የተለመደውን ቁጥር ቢያሳይም አውሮፕላኑ በእውነቱ ከዚያ ከ10 በመቶ በላይ ፈጥኖ ይመጣል፤ በዝናብ የራሰ አስፋልት ሲጨመርበት ደግሞ ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ይረዝማል። ይህም ከመውረዳቸው በፊት ይሰላል።