ያገለገለ ሳይክል ማሻሻል፦ ፍሬን፣ ቸርኬና ማርሽ (ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ)

የዛሬው ጥያቄና መልስ ብዙ ዓመት የተነዳ ሳይክልን ስለማደስና ስለማሻሻል ነው። ሐዋሳ ሜዳ ከተማ ስለሆነች ሳይክል ይበዛባታል። አሸዋማው አፈር ግን ሰንሰለት ይበላል፣ ኮብልስቶኑ ቸርኬ ያጣምማል፣ የክረምቱ ዝናብ ደግሞ የፍሬኑን ድክመት ያወጣል። የምትጠይቁ ሰዎች ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር፣ የኋላ ጥርሶቹን ብዛትና የፍሬኑን ዓይነት አብራችሁ ንገሩኝ። እነዚህ ሳይታወቁ የሚሰጥ መልስ ግምት ነው፤ በግምት የተገዛ ዕቃ ደግሞ አይገጥምም።

ጥያቄ (ከአቶቴ)፦ ሳይክሌ ባለ 26 ነው፣ ፊት 3 ኋላ 7 ማርሽ። አዲስ ሰንሰለት ካስገጠምኩ ወዲህ አጥብቄ ስረግጥ ይዘልብኛል፤ በተለይ ኋላ ትንንሾቹ ጥርሶች ላይ። ሰንሰለቱ ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ ሰንሰለቱን አትውቀሰው፤ ያለቀው የኋላው ጥርስ ነው። በአዲስ ሰንሰለት ላይ ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ፒኖቹ ውስጥ ውስጡን ሲበሉ ይህ ርቀት ይሰፋል፤ ጥርሶቹም አብረው ይበሉና ቅርጻቸው በሰፋው ሰንሰለት ልክ ይሆናል። አዲሱ ሰንሰለት ሲመጣ ጥርሱ ሥር መቀመጥ ያቅተውና ጫና ሲበዛበት ተንሸራቶ ይወጣል። ትንንሾቹ ላይ የሚብሰው ጫናውን የሚካፈሉት ጥርሶች ጥቂት ስለሆኑ ነው።

ሁለተኛ እንዳይደርስብህ በብረት ማስመሪያ ለካ። ከአንድ ፒን መሃል ጀምረህ 24 ክፍተት ቁጠር። አዲስ ከሆነ 304.8 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ወደ 307 ሲደርስ ሰንሰለቱን ብቻ ብትቀይር ጥርሱን ታተርፋለህ። 308 ካለፈ ሰንሰለትና የኋላ ጥርስ አብረው ይቀየራሉ፤ ከፊትም አዘውትረህ የምትይዘውን ጥርስ እይ፣ ጫፉ ሾሎ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ እሱም አብቅቷል።

አሮጌውን ፍሪዊል (የኋላ ጥርሶቹን የያዘውን ክፍል) ሲያወጡልህ አጠገባቸው ቁም። መፍቻው ከፍሪዊሉ መሃል ያለው ጎድጎድ ውስጥ ከገባ በኋላ በአክሱሉ ዳዶ መያዝ አለበት፤ አለበለዚያ ይንሸራተትና ጎድጎዱን ይልጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ሳይሰብሩ ማውጣት ከባድ ነው። ጥሩው መንገድ መፍቻውን ሞርሳ ላይ አስሮ ጎማውን ራሱን እንደ መሪ ይዞ ወደ ግራ ማዞር ነው። አንዴ ከላላ ዳዶውን ማላላት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ማውጣት። አዲሱ ሲገባ ፊሌቶው ግሪስ ይቀባና በእጅ ብቻ ይዞራል፤ ቀሪውን ፔዳል ስትረግጥ ራሱ ያጠብቀዋል። በቁልፍ አስገድደው ካስጀመሩት አዲሱ ፊሌቶ የአሉሚኒየሙን ሞዞ (የጎማውን እምብርት) ይበላዋል።

ጥያቄ (እዚያው)፦ የሰንሰለቱን ርዝመት አሮጌው ጎን አስተኝተው ነው የቆረጡት። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። 114 መገጣጠሚያ ያለው ሰንሰለት አንድ በመቶ ከሰፋ 14.5 ሚሊ ሜትር ረዝሟል፤ ይህ ከአንድ መገጣጠሚያ ይበልጣል። ስለዚህ ጎን ለጎን አስተኝቶ መቁረጥ ያሳስታል፣ መቁጠር ነው። መነሻ ከሌለህ ሰንሰለቱን በማርሽ ቀያሪው ሳታሳልፈው በፊቱ ትልቅና በኋላው ትልቅ ጥርስ ላይ ጠቅልለው፣ ከሚገናኝበት ቦታ 2 መገጣጠሚያ ጨምረህ ቁረጥ። ካጠረ ትልቁን ከትልቁ ጋር ስትይዝ ማርሽ ቀያሪውን ይገነጥለዋል።

ጥያቄ (ከመናኸሪያ አካባቢ)፦ የልጄ ሳይክል ክረምት ላይ ፍሬኑ ጨርሶ አይዝም። ቸርኬው የሚያብረቀርቅ ብረት ነው። ሰፈር ያለው ሠሪ «ዲስክ እንግጠምለት» አለኝ። ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዲስኩን ተይው። ዲስክ የሚታሰረው ፎርኩና ፍሬሙ ላይ ለዚያ ተብሎ በተሠራ መያዣ ነው፤ ሞዞውም የዲስክ ሞዞ መሆን አለበት። መያዣ የሌለው ፎርክ ላይ በብየዳ የተጨመረ ብረት የፍሬኑን ኃይል ለመሸከም አልተሠራም። ልጅ የሚነዳው ሳይክል ላይ በፍጹም አልመክረውም።

ችግሩ ያለው ቸርኬው ላይ ነው። ክሮም የተቀባ ብረት ሲረጥብ የፍሬን ጎማው ይንሸራተትበታል፤ አሉሚኒየም ግን እርጥብም ሆኖ ይይዛል። ሲገዙ ማግኔት ይዘሽ ሂጂ፤ ከተጣበቀ ብረት ነው። ገንዘቡ ለአንድ ጎማ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የፊቱን ቀይሪ፤ ሳይክል ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚጫን ዋናው የማቆም ሥራ የፊቱ ነው። ባለ 26 ማውንቴን ከሆነ ጎማው ጎን ላይ 559 የሚል ቁጥር ፈልጊ። «26» ብቻ ብለሽ ብትጠይቂ 590 ሊሰጡሽ ይችላሉ፤ እሱ በስም አንድ ሆኖ በመጠን ሌላ ነው።

ሲገጠም ሦስት ነገር አረጋግጪ። የፍሬን ጎማው ቸርኬውን ብቻ እንጂ ላስቲኩን መንካት የለበትም፤ ከነካ ላስቲኩን በጥቂት ቀን ይቆርጠዋል። የፊት ጫፉ ከኋላው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ቀድሞ ይንካ፣ ያ ጩኸቱን ይቀንሳል። ካቦውና ሽፋኑም የፍሬን ይሁኑ፦ የፍሬን ካቦ ውፍረቱ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን የማርሹ 1.2 ገደማ ነው። የማርሽ ሽፋን ሽቦዎቹ በቁመት የተደረደሩ ስለሆኑ ፍሬን አጥብቀው ሲይዙት ይፈነዳል፤ የፍሬኑ ሽፋን እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ ነው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ቪ ፍሬን አስገጠምኩ። መያዣውን ስጨብጥ እስከ እጀታው ድረስ ይገባል፣ ሳይክሉ ግን አይቆምም።

መልስ፦ መያዣህ የድሮው ዓይነት ነው። ቪ ፍሬን ብዙ ካቦ የሚስብ መያዣ ይፈልጋል። የአሮጌው ፍሬን መያዣ ጥቂት ነው የሚስበው፤ ስለዚህ የፍሬን ጎማው ቸርኬውን በደንብ ሳይጫን መያዣው እጀታው ላይ ይደርስና ያልቃል። መያዣውን በቪ መያዣ ቀይር፤ ሌላ የሚነካ ነገር የለም።

ጥያቄ (ዕቃ የማመላልስ ነኝ፣ ኋላ ላይ ሣጥን አለው)፦ የኋላ ቸርኬ ሽቦ ቶሎ ቶሎ ይሰበራል፣ ሁልጊዜ በማርሹ በኩል፣ ሞዞው ጋ ካለው መታጠፊያ። ወፍራም ሽቦ ልግዛ?

መልስ፦ ውፍረት አይደለም፤ ውጥረት ነው። ሽቦ በጭነት ብዛት ብቻ አይሰበርም፤ ላልቶ ጎማው በዞረ ቁጥር እየተጠመዘዘ ሲመለስ ድካም ይገባውና መታጠፊያው ላይ ይቆረጣል። በማርሹ በኩል ያሉት ቀጥ ብለው ስለሚቆሙ ቸርኬውን መሃል ላይ ለማቆየት ከግራዎቹ ይበልጥ መወጠር አለባቸው። ሠሪዎች ብዙ ጊዜ የተሰበረውን ብቻ ይተኩና ጥምሙን በአጠገቡ ባሉት ያቃናሉ፤ ያኔ ጎረቤቶቹ ያለ ልክ ተወጥረው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ሦስት ከተሰበሩ በኋላ አራተኛውን አትጠብቅ፤ የማርሹን በኩል በሙሉ ቀይር። ባለ 36 ቀዳዳ ቸርኬ ከሆነ በዚያ ጎን 18 ናቸው። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ርዝመቱ ከግራው ትንሽ ስለሚያጥር ናሙናውን ከማርሹ በኩል ውሰድ። ሲወጠር የሽቦውን ራስ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አታዙር፤ ከጎማው በኩል ሆነህ ስታይ ወደ ቀኝ ማዞር ያጠብቃል። ከዚያ ሽቦዎቹን እንደ ክራር ክር በጣትህ ምታ፤ በአንድ ጎን ያሉት ድምፃቸው መቀራረብ አለበት። በመጨረሻ ሁለት ሁለቱን በእጅህ ጨምቀህ ልቀቅና ጥምሙን እንደገና እይ። ይህን ጭመቃ የሚዘልል ሠሪ የሠራው ቸርኬ በመጀመሪያው ኮብልስቶን ይላላል።

አክሱልህንም እይ። በፊሌቶ የሚታሰር ፍሪዊል ያለው ሞዞ የቀኙ ኩሽኔታ ወደ መሃል ስለሚገባ የአክሱሉ ጫፍ ያለ ድጋፍ ይቀራል፤ ሣጥን ሲጫንበት ይጣመማል። ጎማውን አውጥተህ አክሱሉን በጣትህ አዙረው፤ ጫፉ ክብ ከሠራ ተጣሟል። ለጭነት ሥራ ካሴት (በፊሌቶ ሳይሆን ሞዞው ላይ ተንሸራቶ የሚገባ የጥርስ ስብስብ) የሚቀበል ሞዞ እዚህ ላይ ነው ዋጋ ያለው፤ ኩሽኔታው ወደ ዳር ስለሚወጣ አክሱሉን ይደግፋል። ከመግዛትህ በፊት የፍሬሙን የኋላ ክፍተት ከውስጥ ወደ ውስጥ ለካ። የማውንቴን ካሴት ሞዞ 135 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። ባለ 7 ካሴት ለባለ 8 በተሠራ ሞዞ ላይ ስታስገባ ከኋላው 4.5 ሚሊ ሜትር ቀለበት ጨምር፤ ካልጨመርክ ይወዛወዛል።

ጥያቄ (ተማሪ ነኝ)፦ ፊት ያሉትን 3 ጥርሶች አውጥቼ አንድ ማድረግ እፈልጋለሁ። ከተማው ሜዳ ነው፣ ምን ያደርጉልኛል?

መልስ፦ ሐሳብህ ልክ ነው፣ ግን ምንም ሳትገዛ መጀመር ትችላለህ። ብዙዎቹ ርካሽ ፔዳል ክንዶች ላይ ጥርሶቹ በሪቬት የተመቱ ስለሆኑ አይወልቁም። የፊት ማርሽ ቀያሪውን ሁለት ገደብ ብሎኖች አጥብቀህ መሃለኛው ጥርስ ላይ ቆልፈው። ቀያሪውን አታውጣው፤ በኮብልስቶን ላይ ሰንሰለቱ እንዳይወድቅ ይይዝልሃል።

ስሌቱ ይኸውልህ። መሃለኛው 34፣ የኋላው ትንሹ 14 ከሆነ አንድ የፔዳል ዙር በባለ 26 ጎማ 5 ሜትር ያህል ይወስድሃል። በደቂቃ 80 ዙር ብትረግጥ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ነው። ከሐይቁ ዳር እስከ ግቢህ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ወደ ወንዶ ገነት ዳገት የምትወጣ ከሆነ ግን የኋላውን ከ14–28 ወደ 14–34 ቀይረው፤ ማርሽ ቀያሪህ 34 ጥርስ የሚችል መሆኑን አስቀድመህ ጠይቅ፣ አጭር ክንድ ያለው አይችልም።

ጥያቄ፦ ከ7 ወደ 9 ማርሽ ብቀይርስ?

መልስ፦ ሞዞ፣ ካሴት፣ ሰንሰለትና መቀየሪያ ትገዛለህ፤ በሜዳ ከተማ የምታገኘው ግን ከቁጥር አያልፍም። ገንዘቡን ቸርኬ ላይ አውለው።

ጥያቄ (ጡረተኛ ነኝ፣ ፎኒክስ አለኝ)፦ በብረት ዘንግ የሚሠራውን ፍሬን በካቦ ፍሬን መቀየር ይቻላል ወይ? ፔዳሉም በዞረ ቁጥር «ቋ» ይላል።

መልስ፦ አባቴ፣ ቸርኬውን ካልቀየሩ አይቻልም። የዘንግ ፍሬን ቸርኬውን ከውስጥ በኩል ወደ ላይ ነው የሚይዘው፤ የቸርኬዎ ጎን ጎባጣ ስለሆነ የካቦ ፍሬን ጎማ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ቦታ የለውም። የእርስዎ ባለ 28 ቁጥሩ 635 ነው፤ አሉሚኒየም ሆኖ በቀላሉ የሚገኘው 622 ነው፣ ከመሃል ሲለካ በ6.5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሁለት ጎማና ረጅም ክንድ ያለው ፍሬን ሊገዙ ነው። እኔ ብሆን ዘንጉን አቆየዋለሁ፦ አራቱንም የፍሬን ጎማዎች በአዲስ ቀይረው፣ የዘንጎቹን መጋጠሚያ አጥብቀው፣ ቸርኬው እንዲቃና ያድርጉ። ክረምት ላይ ቀደም ብለው መያዝ ግን ግድ ነው።

«ቋ» የሚለው ክንዱን የያዘው ሽብልቅ ፒን ነው። ፒኑ ሲበላ ክንዱ ይጫወታል። ሁለቱም አብረው ይቀየሩ፤ ውፍረቱ የአሮጌው ልክ ይሁን፣ የቀኙና የግራው በተቃራኒ አቅጣጫ ይገባሉ። ሲመታ ከክንዱ ሥር ከባድ ብረት ወይም ቧንቧ ይደገፍ፤ ያለ ድጋፍ ከተመታ ምቱ ኩሽኔታው ላይ ያርፍና ጥይቶቹ የሚሄዱበትን መንገድ ይጎደጉደዋል። ከዚያ ዳዶውን ማጥበቅ ነው፤ ፒኑን በዳዶው መሳብ ግን ፊሌቶውን ይበጥሳል።

ጥያቄ (ከታቦር በኩል)፦ የፔዳሉን መሃል ኩሽኔታ ልቀይር ብዬ የቀኙ ኩባያ እምቢ አለኝ። በቧንቧ አስረዝሜ ብታገልም አልተነቃነቀም።

መልስ፦ ወደ የት ነው ያዞርከው? በአብዛኛው ሳይክል የቀኙ ኩባያ ግራ ፊሌቶ ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። እስካሁን እያጠበቅከው ነበር። የግራው እንደ ተለመደው ወደ ግራ ይፈታል። ፔዳሎቹ ደግሞ በተቃራኒው ናቸው፤ ግራ ፊሌቶ ያለው የግራው ፔዳል ነው። አዲሱን ስትገዛ ሁለት ልክ ውሰድ፦ የፍሬሙን ቧንቧ ስፋት፣ ብዙ ጊዜ 68 ሚሊ ሜትር ነው፣ እና የአሮጌውን አክሱል ሙሉ ርዝመት። አክሱሉ ከረዘመ ወይም ካጠረ ሰንሰለቱ ሰያፍ ይሄዳል። ክንዱን የምትስብበት መሣሪያ ፊሌቶው እስከ መጨረሻው ገብቶ እንደሆነ አረጋግጥ፤ በሁለትና ሦስት ዙር ብቻ ከሳብከው የክንዱን ፊሌቶ ይዞት ይወጣል።

ጥያቄ፦ ሰንሰለት በተቃጠለ የሞተር ዘይት ማራስ እንዴት ነው? ጋራዥ በነጻ ይሰጡኛል።

መልስ፦ በነጻም አትቀበል። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ጥላሸትና የብረት ብናኝ አለ፤ የእኛ አሸዋ ሲጨመርበት ሞረድ ይሆናል። ሰንሰለቱን በነጭ ጋዝ እጠብ፣ በጨርቅ አድርቅ፣ አዲስ ዘይት በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ አድርግ። ፔዳሉን ለጥቂት ደቂቃ ወደ ኋላ አዙርና ከውጭ ያለውን በሙሉ ጥረግ። የሚያስፈልገው ውስጥ የገባው ብቻ ነው፤ ውጭ የቀረው አቧራ ይሰበስባል። የስፌት መኪና ዘይት በበጋ ጥሩ ነው፣ ዝናብ ግን ቶሎ ያጥበዋል። በክረምት ያልተጠቀሙበት የሞተር ዘይት በቀጭኑ ይሻላል። በቤንዚን አትጠብ፤ እሳት ይይዛል።

ጥያቄ፦ ዲስክ ፍሬኔ ከታጠበ በኋላ ይጮኻል፣ አይዝምም።

መልስ፦ የሰንሰለት ዘይት ረጭተህበታል። ዲስኩን በአልኮል ጥረገው። ሸራው ዘይት ከጠጣ በብርጭቆ ወረቀት ብትፈቀፍቀውም ብዙ ጊዜ ስለማይመለስ ቀይረው። አዲሱን ከሩጫ ወደ ዝግታ 20 ጊዜ ያህል ቀስ እያልክ ያዝ፣ ጎማውን አትቆልፍ፤ ሸራው ዲስኩን የሚለምደው በዚህ ነው።