ለገደለ ሰው እንዴት ይጸለያል?
የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

በሃይማኖት ስም ደም በፈሰሰ ቁጥር ወደ ዝግጅት ክፍላችን የሚመጡት ደብዳቤዎች ይመሳሰላሉ፤ "ጠላቶቻችሁን ውደዱ" የሚለውን ቃል አምናለሁ፣ ግን በየትኛው አቅሜ? ይላሉ። ለዚህ እትም አምስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜን በእምነቱ ምክንያት ገደሉት። ሰባኪው "ስለሚያሳድዱአችሁ ጸልዩ" ሲል ልቤ ድንጋይ ይሆናል። በአፌ ብቻ ብጸልይ ግብዝነት አይሆንብኝም? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ እኅታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ለገዳዩ በመጸለይ አትጀምሪ። አስቀድመሽ አልቅሺ፤ የሆነውንም በእግዚአብሔር ፊት ሳታለዝቢ ተናገሪው። ማን እንደሞተ፣ እንዴት እንደሞተ፣ አንቺ ምን እንደቀረብሽ። መዝሙር 109ን (በሰባ ሊቃናት ቁጥር 108ን) ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢ። ለጆሮ የሚከብድ እርግማን አለበት፤ የበዳዩ ልጆች ድሀ አደግ እንዲሆኑ እስከመለመን ይደርሳል። መዝሙረኛው ግን ያን ሁሉ የተናገረው ለእግዚአብሔር ነው፤ ፍርዱንም ለእርሱ ትቶለታል። ይህን ዘለው በቀጥታ "ጌታ ሆይ ባርከው" ወደማለት የሚሄዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ አይዘልቁበትም። ያልተነገረው ቁጣ ውስጥ ውስጡን ይበላቸውና ጸሎቱን ራሱን ያስተዋቸዋል።

ከዚያ በኋላ ጸሎቱን አሳጥሪው፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከሦስት ደቂቃ ያልበለጠ። ስለ "እነሱ" ሳይሆን ስለ አንድ ሰው ይሁን፤ ስሙን ካላወቅሽ "ያ ሰው" ማለት ይበቃል። መጀመሪያ ላይ "ጌታ ሆይ፣ እጁን ያዝልን፤ ሌላ ሰው እንዳይገድል" በዪ። ይህን ማንም ሐዘንተኛ ከልቡ ሊለው ይችላል፤ ለገዳዩም ትልቅ ቸርነት ነው፣ በነፍሱ ላይ ሌላ ደም አይጨመርበትምና። ትንሽ ቀለል ሲልሽ "ያደረገውን እንዲያይ ዓይኑን አብራለት፤ ንስሐም ስጠው" ወደማለት እለፊ። ከባዱ የመጨረሻው ነው፤ ለወንድምሽ ትለምኚለት ከነበረው አንዱን፣ ጤና ወይም የልብ ሰላም፣ ለዚያ ሰው መለመን። እዚህ ለመድረስ ዓመታት ቢፈጅብሽ ወደኋላ የቀረሽ አይምሰልሽ። ማንም ቀን ሊቆርጥልሽ አይገባም፤ በለቅሶ ድንኳን "ይቅር በዪ" እያሉ የሚያስጨንቁሽ ሰዎችም፣ አሳባቸው መልካም ቢሆን እንኳ፣ ቁስል ላይ ቁስል ነው የሚጨምሩት።

ግብዝነት ያልሽው እንዲህ ያለውን አይመለከትም። ግብዝ የሌለውን ፍቅር አለኝ ብሎ ለሰው የሚያሳይ ነው። "አልወደውም፤ አንተ ስላዘዝከኝ ግን እጸልይለታለሁ" የሚል ሰው እውነቱን ነው የተናገረው። በሉቃስ 6፥27-28 ጌታ "ውደዱ" ካለ በኋላ መልካም አድርጉ፣ መርቁ፣ ጸልዩ ይላል። ሦስቱም ስሜቱ እስኪመጣ ሳይጠበቅ የሚሠሩ ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በሰዓቱ ነው። የግድያውን ቪዲዮ አይቶ፣ ወይም ሊተኛ ሲል ይጸልያል፤ ያን ጊዜ ጸሎቱ ወደ ክስ ይዞራል፣ እንቅልፍም ይጠፋል። ጠዋት ይሻላል። የሰውየውን ጥፋት ለእግዚአብሔር ማስረዳት እንደጀመርሽ ከተሰማሽ "አባታችን ሆይ" ብለሽ ዝጊ፤ ለዚያ ቀን በቂ ነው። እንቅልፍ ማጣቱና የሆነው ሁሉ በዓይንሽ ላይ መምጣቱ ከአንድ ወር ካለፈ ግን ወደ ሐኪም ሂጂ። ሕክምናው የእምነት ጉድለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ቤታችንን ያቃጠሉትን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ይቅር ካልኩ ፍርድ ቤት መመስከር የለብኝም ማለት ነው?

መልስ፦ የለም፣ ይመስክሩ። ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ ለምን እንደመታው ሎሌውን ጠይቆታል (ዮሐንስ 18፥23)። ጳውሎስም ሊገርፉት ሲያስሩት የሮም ዜግነቱን አስታውቋል (ሐዋ. 22፥25)፤ በኋላም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። ሮሜ 12 በቀልን ይከለክላል፤ ጥቂት ቁጥሮች ዝቅ ብሎ፣ በምዕራፍ 13፥4፣ ክፉ አድራጊን መቅጣት ለመንግሥት እንደተሰጠ ይናገራል። ሁለቱ በአንድ መልእክት ውስጥ አብረው የተጻፉ ናቸው።

በዘመናችንም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2015 በአሜሪካ ቻርልስተን ከተማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 9 ሰዎች ሲገደሉ፣ ከሟቾቹ ቤተሰቦች አንዳንዶቹ ከሁለት ቀን በኋላ በችሎት ገዳዩን ይቅር ብለነዋል አሉት፤ ክሱ ግን ቀጥሎ ተፈረደበት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ሁለት መስጊዶች 51 ሰዎች ሲገደሉ፣ ባለቤታቸው የተገደሉባቸው ፋሪድ አሕመድ ገዳዩን ይቅር ማለታቸውን በአደባባይ ተናገሩ፤ ገዳዩም ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በሁለቱም ቦታ ይቅር ማለት ያልቻሉ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ሊወቀሱም አይገባም። እርስዎ ሲመሰክሩ ያዩትን ብቻ ይናገሩ፤ በወሬ የሰሙትን አይጨምሩበት፣ ለማስቀጣት ብለውም አያጋንኑ። በምስክር ወንበር ላይ ጠላትን መውደድ ማለት ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የጸሎት ጉባኤ እመራለሁ። ጥቃት በደረሰ ቁጥር ለአሳዳጆቻችን እንጸልይ እላለሁ፤ ግን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጸሎቱ ያንን ሃይማኖት ወደ መርገም ይሄዳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ብዙው ነገር የሚበላሽው ከጸሎቱ በፊት ነው። ከመድረክ "ዛሬ እገሌ ቦታ እንዲህ ተደረገ" ስትል ጉባኤው እንደተረጋገጠ እውነት ይቀበለዋል፤ ከአዳራሹ ሲወጣም ለሌላው ይነግራል። በቦታው ያለ፣ አንተም የምታውቀው ሰው ካላረጋገጠልህ አታንሳው። ያልተጣራ ወሬ በጸሎት ርእስ ስም ሲነዛ በቀል ሊቀሰቅስ ይችላል።

ሃያ ደቂቃ ይበቃል። በሟቾች ስም ጀምር፤ ስማቸውን አንብበህ ሁለት ደቂቃ ጸጥታ ይሁን። ለቆሰሉትና ለተፈናቀሉት ጸልዩ። ቀጥሎ ስለ ራሳችሁ፣ በቤታችሁ ስለሚነገረው ጥላቻ ንስሐ ግቡ። ይህ ክፍል ከተዘለለ የሚመጣው ሁሉ ፈሪሳዊው በቤተ መቅደስ የጸለየው ዓይነት ይሆናል። ለአሳዳጆቹ የሚጸለየውን ግን ለማንም ክፍት አታድርገው፤ ራስህ አስቀድመህ ጽፈህ አንብበው። "ግድያውን የፈጸሙት ሰዎች" በል እንጂ የሃይማኖቱን ስም አትጥራ፤ ከጠራህ ምንም ያላደረገው ጎረቤት ከገዳዩ ጋር ተቆጠረ። "እሳት አውርድባቸው" የሚል ድምፅ ከተነሣ፣ ሰውየውን በሰው ፊት ሳታሳፍር መዝሙር አስጀምር፤ በኋላ ለብቻው አነጋግረው። ምናልባት የሞተበት ሰው ሊኖር ይችላል። ጸሎቱን ቀርጻችሁ አትልቀቁ፤ ተቆራርጦ ለሌላ ዓላማ ይውላል።

ከጉባኤው መካከል ለበቀል የሚዘጋጅ መኖሩን ከሰማህ ግን ጸሎት ብቻውን አይበቃም። በዚያው ቀን የሚሰሙትን ሽማግሌዎች ይዘህ ፊት ለፊት አናግረው፤ አሻፈረኝ ካለ ለሕግ አካል አሳውቅ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ የገዳዮቹ እምነት ተከታይ ነው። ምንም አላደረገኝም፤ ግን ሰላም ለማለት አፌ አይፈታም።

መልስ፦ እርሱ ጠላትዎ አይደለም፤ መነሻው ይህ ነው። ዘጸአት 23፥4-5 ጠላት ለሆነ ሰው እንኳ የጠፋ በሬውን መልሱለት፣ ከሸክሙ በታች የወደቀ አህያውን አብራችሁ አንሡለት ይላል። ስለዚህ በትልቅ ንግግር አይጀምሩ፤ ነገ ጠዋት ሰላምታ ይስጡት። ቤተሰቡ ሲታመም ይጠይቁት፣ ሐዘን ሲደርስበት ይድረሱለት። ስለ ግጭቱ ቶሎ አያንሱ፣ እምነቱንም እንዲያወግዝልዎ አይጠይቁት። በናይጄሪያ ካዱና ኢማም ሙሐመድ አሻፋና ፓስተር ጄምስ ዉየ የተቃራኒ ታጣቂ ወጣቶች መሪዎች ነበሩ። ፓስተሩ በግጭቱ እጃቸውን፣ ኢማሙ ዘመዶቻቸውንና መምህራቸውን አጥተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አብረው ለሰላም ይሠራሉ፤ መተማመኑ ግን በአንድ ጊዜ አልመጣም።

ጥያቄ፦ እንገድልሃለን እያሉ ይዝቱብኛል። ብሸሽ ፍቅርና እምነት ጎደለው ያሰኘኛል?

መልስ፦ አያሰኝም። በማቴዎስ 10፥23 በአንዱ ከተማ ሲያሳድዷችሁ ወደ ሌላው ሽሹ ተብሏል፤ ጳውሎስም ከደማስቆ በሌሊት በቅርጫት በቅጥሩ ወርዶ አምልጧል። የሰምርኔሱ ጳጳስ ፖሊካርፐስ በሁለተኛው መቶ ዓመት ወዳጆቹ ሲለምኑት ወደ ገጠር ሄዶ ተሸሸገ፤ በመጨረሻ ሲያገኙት ሊይዙት ለመጡት ሰዎች የሚበላና የሚጠጣ እንዲቀርብላቸው አዘዘ፣ ለጸሎትም ጊዜ ለመናቸው። ስለዚህ ዛሬውኑ ዛቻውን ለሚመለከተው አካል ያመልክቱ፤ መልእክቶቹን ሳይሰርዙ ያስቀምጡ፤ የሚያድሩበትን ቦታ ከአንድ ወይም ከሁለት ከሚያምኗቸው ሰዎች በቀር ለማንም አይንገሩ። ለዛቱብዎት ሰዎች ከደረሱበት ሆነው ይጸልዩላቸው።