ጅረቱ ወደ ቤታችን እየመጣ ነው፤ ጋቢዮኑን የት እንደርድር?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ከጎንደር ወደ ደንቢያ ሲወረድ፣ ወደ መገጭ ወንዝ የሚገባ ጅረት ዳር ነው። አርባ ያህል አባወራ ነን። ጅረቱ በየክረምቱ መንገዱን ይቀይራል። አምና ሁለት ማሳ ወሰደ፤ ዘንድሮ ከዳርኛው ቤት 20 እርምጃ ቀርቶታል። ወረዳው 100 የጋቢዮን ሣጥን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ መረብ) ሰጥቶናል፤ ውሃውን ተከትለን ዳር ዳሩን ልንደረድረው ነው። በኤክስካቫተር ቀጥ እናድርገው የሚሉ አሉ፤ ባሕር ዛፍ ይተከል የሚሉም አሉ። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ እባካችሁ ሣጥኖቹን ገና አትደርድሯቸው። ጋቢዮን አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ጎርፍ ገፍቶት ሳይሆን ሥሩን ቦርቡሮት ነው። ዳር ዳሩን በቀጭኑ ከተዘረጋ ሁሉም ቦታ ደካማ ይሆናል።

ጅረቱ ለምን እንደሚዞር ካወቃችሁ ቦታውን ራሱ ያሳያችኋል። ከጎንደር ተራሮች በቁልቁለት የወረደ ውሃ ሜዳው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክምና የተሸከመውን ጠጠርና ደለል ያራግፋል። ወለሉ እየተሞላ ሲሄድ ውሃው ዝቅ ያለ ጎን ፈልጎ ይሄዳል። በመታጠፊያ ላይ ደግሞ የውጭውን ዳር ይበላል፣ በውስጠኛው በኩል አሸዋ ይከምራል። በብርቱ የሚበላው ከመታጠፊያው እምብርት ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከሽማግሌዎች ጋር ዳሩን በእግር ሂዱ፤ ድሮ በየት ይፈስ እንደነበር፣ ውሃው የት ድረስ እንደወጣ ጠይቁ። ሾላው ግንድ ላይ ተጠምጥሞ የቀረ ገለባ የሙላቱን ከፍታ ይናገራል። ከዳሩ 5 እና 10 ሜትር ገባ ብላችሁ ካስማ ትከሉ፤ ከእያንዳንዱ ሙላት በኋላ ርቀቱን ለክታችሁ መዝግቡ። ከዳሩ ጋር ትይዩ የሆነ የመሬት ስንጥቅ ካያችሁ ያ ቁራጭ ሊናድ ነው፤ ከብትም ልጅም አይጠጋው።

አሁን ወደ ሣጥኖቹ። 2 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ከፍታ ያላቸው ከሆኑ በሁለት ድርብ ሲቆሙ 100 ሜትር ዳር ይሸፍናሉ። እኛ ግን በብርቱ የሚበላውን 50 ሜትር ብቻ ሸፍኑ እንላለን። በ50ው ሣጥን በሁለት ድርብ ግድግዳ አቁሙ፤ የቀረውን 50 ከግድግዳው ሥር ወደ ውሃው 2 ሜትር ወጣ አድርጋችሁ እንደ ምንጣፍ አንጥፉት። ውሃው ሲቦረቡር ምንጣፉ ወደ ታች ታጥፎ ጉድጓዱን ይሸፍናል፣ ግድግዳው ይተርፋል። ወረዳው ግማሽ ሜትር ከፍታ ባለው ሣጥን ሊቀይርላችሁ ከቻለ ለምንጣፉ እሱ ይሻላል፤ በቀላሉ ይታጠፋል። መሠረቱ በበጋ ከሚታየው ዝቅተኛ ወለል በታች ይግባ። የግድግዳው ሁለት ጫፎች 2 ወይም 3 ሜትር ወደ መሬቱ ካልተቀበሩ ውሃው በጀርባ ዞሮ ይገባል። ከኋላም ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ) ወይም 20 ሳንቲ ሜትር የጠጠር ንጣፍ ይሁን፤ አለዚያ አፈሩ በድንጋዩ መሐል ሾልኮ ያልቃል።

100 ሣጥን 200 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይፈልጋል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 13 ያህል ምልልስ ነው። ድንጋዩ ከ10 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ይሁን። በመዶሻ ሲመታ የሚፈረፈረውን ተዉት፣ ከመረቡ ቀዳዳ የሚያንሰውም ሾልኮ ይወጣል። በእጅ ደርድሩት እንጂ በአካፋ አትሙሉት። በየ33 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የፊቱን መረብ ከኋላው ጋር በሽቦ እሰሩ፤ ያልታሰረ ሣጥን ሆዱ ይነፋል።

የአፈር ዳይክ (ሙላትን የሚመልስ የአፈር ክምር) ከጨመራችሁ ከውሃው አርቁት፤ ጅረቱ የሚዞርበት ቦታ ያስፈልገዋል። አፈሩን በ20 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ ጠቅጥቁ። ጎኑ ለ1 ሜትር ከፍታ 2 ሜትር ይጋደም፤ አናቱ ከታየው ሙላት ግማሽ ሜትር ይብለጥ። አፈር ከዳይኩ ግርጌ አትቆፍሩ። የዋልካ አፈር በበጋ ስለሚሰነጠቅ ከግንቦት በፊት ስንጥቁን ሙሉት። የመንደሩ የዝናብ ውሃ እንዳይታጎር ወደ ጅረቱ በኩል ብቻ የሚከፈት መዝጊያ ያለው ቱቦ ቅበሩ። ከማዶ ካሉት ጎረቤቶች ጋር ሳትነጋገሩ አትጀምሩ፤ ከእናንተ የተገፋ ውሃ እነሱ ላይ ይወጣል።

ጅረቱን ቀጥ ማድረግን አንደግፍም። መንገዱ ሲያጥር ቁልቁለቱ ይጨምራል፣ ውሃው ይፈጥናል፣ ወለሉን ይቆፍራል፤ አዲሱ ጋቢዮን መጀመሪያ ይሄዳል። ከመታጠፊያው አጠገብ አሸዋ ማውጣትም ያው ጉዳት ስላለው አስቁሙ።

ባሕር ዛፍ በዳይኩ ላይ አይተከል፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው አፈሩን ያላላል፣ ሲቆረጥም የበሰበሰው ሥር ለውሃ መሿለኪያ ይሆናል። በምትኩ ቬቲቨር ሳር በ10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲጸና ትከሉ። የድንጋዩ ሥራ ግን ግንቦት ሳይወጣ ይጠናቀቅ።

የመጀመሪያው ሙላት እንዳለፈ ሦስት ነገር እዩ፦ ምንጣፉ ምን ያህል ታጠፈ፣ ሽቦ ተበጠሰ ወይ፣ በጫፎቹ ኋላ ጉድጓድ አለ ወይ። ጉድጓድ ካለ በማግስቱ በድንጋይ ሙሉት፤ ሁለተኛው ሙላት ሐምሌ ውስጥ ሊደርስ ይችላል።