ኪሎውንና ሰዓቱን ለየብቻ ቀይሩ፦ በጣና ዳር ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች

በባሕር ዳርና በዙሪያዋ፣ በዱቄት ፋብሪካም ይሁን በውኃ ማጣሪያ፣ በፎገራ ሩዝ መፈልፈያም ይሁን በቦይለር ክፍል ሥራ የጀመራችሁ ልጆቼ፣ የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ስሌት ነው። የማሽኑ ሰሌዳ ቶን በሰዓት ይላል፤ ባለቤቱ በኩንታል ይጠይቃል፤ የክሎሪን ፓምፑ ግራም በደቂቃ ይፈልጋል፤ ቀመሩ ደግሞ ኪሎግራም በሰከንድ ካልሆነ አይቀበልም። ሁሉም የሚጠይቁት ግን ያው ነው፦ በዚህን ያህል ጊዜ ስንት ኪሎ አለፈ?

ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ አትቀይሩ። መጀመሪያ ኪሎውን፣ ቀጥሎ ጊዜውን። በሰዓት 2 ቶን እንፋሎት የሚያወጣ ቦይለር ያዙ። 2 ቶን 2,000 ኪሎግራም ነው፤ አንድ ሰዓት 3,600 ሰከንድ ነው፤ ሲካፈል 0.556 ኪሎግራም በሰከንድ ይመጣል። በቃላችሁ የምትይዙት አንድ ቁጥር ቢሆን 3.6 ይሁን። 1 ኪሎግራም በሰከንድ 3.6 ቶን በሰዓት ነው፤ 1 ግራም በሰከንድም 3.6 ኪሎግራም በሰዓት ነው። ማባዛት ሲገባው ያካፈለ ሰው ወደ 13 እጥፍ ይስታል፤ ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቁ፦ በሰከንድ የሚያልፈው በሰዓት ከሚያልፈው ሊበልጥ ይችላል? አይችልም። አሃዱንም ከቁጥሩ ጎን ሁልጊዜ ጻፉ፤ ብቻውን የተጻፈ ቁጥር ለተረኛው ወጥመድ ነው።

የሰሌዳ ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ ለኩ። ለወፍጮ የሚያስፈልጋችሁ ባልዲ፣ ሚዛንና የስልክ ሰዓት ቆጣሪ ነው። ባዶ ባልዲውን መዝናችሁ ጻፉ። ማሽኑ እንደተነሳ የሚወርደውን ተዉት፤ አወራረዱ እኩል ሲሆን ባልዲውን ከአፉ ሥር አስገቡና በዚያው ቅጽበት ቆጣሪውን ጫኑ። በ90 ሰከንድ የተጣራ 20 ኪሎ ከወረደ፣ 20ን ለ90 አካፍሉ፦ 0.222 ኪሎግራም በሰከንድ። በ3,600 ስታባዙት 800 ኪሎግራም፣ ማለትም 8 ኩንታል በሰዓት ነው። ለምን 90 ሰከንድ? ጣታችሁ አንድ ሰከንድ ቢዘገይ በ10 ሰከንድ ልኬት ላይ ስሕተቱ 10 በመቶ ነው፤ በ90 ላይ ግን 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ለኩ። ሦስቱ በጣም ከተራራቁ ስሌቱን ትታችሁ እህሉ የሚወርድበትን አፍ እዩ፤ እህሉ እርስ በርሱ ተደጋግፎ አንዴ እየቆመ አንዴ እየተናደ ይሆናል።

“በቀን ስንት?” ስትባሉ የስንት ሰዓት ቀን እንደሆነ ጠይቁ። ያው ወፍጮ በ8 ሰዓት ፈረቃ 64 ኩንታል፣ በ24 ሰዓት 192 ኩንታል ነው። ከዚህ የባሰው ወጥመድ ሰዓት አቆጣጠራችን ነው። የማሽኑ ስክሪን ሥራ የተጀመረበትን በፈረንጆች አቆጣጠር 8:00 ብሎ ይመዘግባል፤ ተረኛው ማብቂያውን በእኛ አቆጣጠር 11:00 ብሎ በመዝገቡ ይጽፋል። ሲቀነስ 3 ሰዓት ይመስላል፤ ሥራው ግን 9 ሰዓት ነበር፤ ማሽኑም በወረቀት ላይ ሦስት እጥፍ ፈጭቶ ይገኛል። በአንድ መዝገብ አንድ አቆጣጠር ብቻ ይኑር።

ውኃ ላይ ሥራው ይቀላል፤ አንድ ሊትር የጣና ውኃ አንድ ኪሎ ነው ብትሉ አትሳሳቱም። በሰከንድ 50 ሊትር ማለት 50 ኪሎግራም፣ በሰዓት 180 ቶን ነው። ክሎሪኑን ግን በጥንቃቄ አስሉ፤ የሰው ጤና ነው። በሊትር 2 ሚሊግራም ከፈለጋችሁ፣ በ50 ሊትር 100 ሚሊግራም በሰከንድ፣ በሰዓት 360 ግራም ይሆናል። ይህ የንጹሕ ክሎሪን መጠን ነው። የክሎሪን ዱቄቱ 65 በመቶው ብቻ ክሎሪን ከሆነ 360ን ለ0.65 አካፍሉ፤ በሰዓት 554 ግራም ዱቄት ያስፈልጋል። 360 ግራም ዱቄት የጨመረ ሰው ውኃው ላይ 1.3 ሚሊግራም ብቻ አደረሰ። ዱቄቱ እርጥበትና ሙቀት ባገኘው ቁጥር ኃይሉን ያጣልና፣ ከርሞ የተከፈተን በርሜል በጽሑፉ አትመኑ፤ አስመርምሩ።

አየር ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ወደ 82 ኪሎፓስካል ነው። መጻሕፍቱ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎግራም ነው ይላሉ፤ እዚህ በ25 ዲግሪ 0.96 ገደማ ነው። በሰከንድ 2 ሜትር ኩብ የሚገፋ የሩዝ ማድረቂያ ፋን በመጽሐፉ 2.4 ኪሎግራም ያሳልፋል፤ እዚህ 1.92 ብቻ። ሩዙ ሳይደርቅ ሲቆይ ሞተሩን ከመፍታታችሁ በፊት ይህን አስሉ። የኮምፕሬሰሩ ሰሌዳ “ኖርማል ሜትር ኩብ” ካለ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ በ0 ዲግሪና በ101.3 ኪሎፓስካል የተለካ ስለሆነ የትም ብትሆኑ በ1.293 አባዙት።

የግፊት መለኪያው የሚያሳየውም ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። የአየሩን ኪሎ ለማስላት ግን ሙሉው ግፊት ያስፈልጋል፤ እዚህ በመለኪያው ቁጥር ላይ የምትደምሩት 82 ኪሎፓስካል እንጂ 101 አይደለም። 600 ኪሎፓስካል በሚያሳይ የኮምፕሬሰር መስመር ላይ 101 መደመር ኪሎውን 3 በመቶ ያህል ያበዛዋል፤ 20 ኪሎፓስካል ብቻ በሚያሳይ የብሎወር (አየር በዝቅተኛ ግፊት የሚነፋ ማሽን) መስመር ላይ ግን ወደ 19 በመቶ።