መልስ፦ የምራቅ እጢ ቀዶ ጥገና ተደርጎ በዕለቱ መውጣት

እናትዎ ደብረ ብርሃን ላይ ከጆሮ ሥር ያለው የምራቅ እጢ ከወጣላቸው በኋላ በዕለቱ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ይመለሱ እንደሆነ ለጠየቁት፦ ከሆስፒታል መውጣቱ ይቻል ይሆናል፤ መንዝ መግባቱን ግን እባክዎ አያስቡት። የሚያሰጋው ቁስሉ ውስጥ ደም መቋጠሩ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ይመጣል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት፣ ስልክና መኪና ካለው ሰው ጋር ይደሩ።

በዕለቱ ለመውጣት የሚመረጠው እጢው ላይ ያለው እብጠት ካንሰር ያልሆነ፣ ትንሽና ላይ ላዩን ያለ ሰው ነው። ደም ግፊቱ ያልተስተካከለ፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው ሆስፒታል ቢያድር ይሻላል። ደም ማቅጠኛውን በራስዎ አያስቁሙ፤ ሐኪሙ ይወስን።

ድሬን (ከቁስሉ ደምና ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ) ይዘው ከወጡ የሚቀዳውን በሚሊ ሊትር ይመዝግቡ። ትኩስ ደም ቶሎ ቶሎ ከሞላው፣ ወይም ድሬኑ ባዶ ሆኖ ጉንጭና አንገት ከተወጠረ፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታሉ ይመለሱ። የፊት ነርቭ በእጢው ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ዐይናቸው አልከደን ካለም ማርጠቢያ ጠብታ ይጠይቁላቸው።