«ወልድ ከዓለም በፊት ነበረ» ማለት ለአርዮስ መልስ ይሆናል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ምሳሌ 8፥22ን እየጠቀሰ «ጥበብ የተባለው ወልድ ነው፤ ‹እግዚአብሔር ፈጠረኝ› ይላልና ፍጡር ነው» ይለኛል። «እንዴት? ከዓለም በፊት የነበረ ነው እኮ» ብለው «እሱንማ መቼ ካድሁ» አለኝ። ምን ልመልስለት?

መልስ፦ የሥራ ባልደረባዎ ያለው አርዮስ ያለውን ነው። መልስዎ ያልያዘውም ለዚህ ነው። የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ ወልድ ከዘመናት በፊት እንደነበረ ይቀበላል። የካደው ከአብ ባሕርይ መወለዱን ነው። ወልድን ካለመኖር ወደ መኖር የመጣ፣ ፍጥረትን ሁሉ የሚቀድምና የሚበልጥ ፍጡር አደረገው። ስለዚህ «መቼ ነበረ?» እያሉ አይድከሙ፤ «ከማን ባሕርይ ነው?» ብለው ይጠይቁት።

በ325 ዓ.ም. ኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶችም በዚሁ ተቸግረዋል። ሊቀ ጳጳሱን እለእስክንድሮስን ተከትሎ በዲቁና የሄደው አትናቴዎስ እንደጻፈው፣ ወልድ «ከእግዚአብሔር ነው» ብለው በመጽሐፍ ቃል ሊወስኑ ሲሉ የአርዮስ ወገኖች እርስ በርስ ተጠቃቅሰው እሺ አሉ። «ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው» ተብሎ ተጽፏላ! ፍጡርም በዚያ ቃል ይገባል። እንዲህ ያለ ማምለጫ የሌለው ቃል ተፈልጎ ነው በቅዳሴ የምንደግመው «ዘተወልደ ወአኮ ዘተገብረ፣ ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ» የተባለው፤ ተወለደ እንጂ አልተፈጠረም፣ በመለኮቱ ከአብ ጋር እኩል ነው ማለት ነው። አናጢ ወንበርም ይሠራል፣ ልጅም ይወልዳል። ወንበሩ ቢያምር ቢከብር እንጨት ነው፤ ልጁ ግን አባቱ የሆነውን ነው፣ ሰው ነው። አርዮስ ልጁን ከወንበሩ ጋር ቆጠረው። (ምሳሌው ለባሕርይ ብቻ ነው፤ ሰው አባት ልጁን በዕድሜ ይቀድማል፣ በመለኮት ግን መቅደም መቀዳደም የለም።)

ወደ ጥቅሱ እንምጣ። የሰባው ሊቃናት የግሪክ ትርጉም «ፈጠረኝ» ይላል፤ የዕብራይስጡ «ቃናኒ» ግን «ገንዘቡ አደረገኝ» ወደሚለው ያደላል። ይህን ቢያውቁት መልካም ነው፤ ነገር ግን «ትርጉሙ ተሳስቷል» ብለው አይጀምሩ፣ ክርክሩ የመዝገበ ቃላት ጭቅጭቅ ሆኖ ይቀራል። አትናቴዎስ «ፈጠረኝ» የሚለውን ቃል እንዳለ ተቀብሎ ነው የፈታው፤ ስለ እኛ ስለ ተዋሐደው ሥጋ የተነገረ ነው አለ። ከዚያ ወረድ ብሎ ቁጥር 25 ከኮረብቶች በፊት «ተወለድሁ» ይላል፤ ይህ የመለኮት ልደቱ ነው። ስለዚህ ባልደረባዎ 22 ላይ ሲያቆም እስከ 25 አብራችሁ አንብቡ። ዮሐንስ 14፥28ን («አብ ከእኔ ይበልጣልና») ቢያመጣም አፈታቱ ያው ነው፤ በለበሰው ሥጋ የተናገረው ነው።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ብዙዎች ከአርዮስ ሲሸሹ፣ አብና ወልድ መንፈስ ቅዱስም አንድ አካል ናቸው ያለው መናፍቅ ሰባልዮስ ላይ ይወድቃሉ። «አብና ወልድ አንድ ናቸው» ብለው ያቆሙ እንደሆነ፣ «ታዲያ በዮርዳኖስ ‹የምወደው ልጄ ይህ ነው› ያለው ማን ነው?» ሲባሉ መልስ ያጣሉ። አንድ ናቸው ሲሉ «በባሕርይ፣ በመለኮት» ይበሉ፤ ሦስት ሲሉ «በስም፣ በአካል፣ በግብር»።